ለደምለው ሰላምታ

ደብዳቤ ማለት ሰላምታ ነው፤ ሌላው ማጣፈጫ ነው። ዘመድ ተሰብስቦ ደብዳቤ ሲነበብ ጆሮውን የሚያቆመው የጦርነቱን ወሬ ለመስማት እንዳይመስላችሁ፤ ስሙ እስኪጠራ ነው። አጎት ተጠርቶ አክስት ከተዘለለች፣ ጎረቤት ተነሥቶ የክርስትና አባት ከተረሳ የጸሐፊው ጉድ ፈላ። ቂሙ እስከ ፋሲካ ይቆያል፤ አንዳንዱም ለልጅ ይተርፋል።

ይህን ነገር ደባርቅ ላይ ከሰፈረው ፈረሰኛ ጦር ውስጥ ከክንዴ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ክንዴ የድብ ባሕር ልጅ ነው። ዳዊት ጨርሶ ድጓ ሊጀምር ሲል ዘመኑ ተገለባበጠ፤ ደርግ የገበሬውን ልጅ ከነፈረሱ ለዘመቻ ሲያግዝ እሱንም አብሮ አጋዘው። ካህን ሊሆን ያሰበ ሰው ጠመንጃ አንግቶ ኮርቻ ላይ ወጣ። ከቤተ ክህነት የተረፈችው እጁ ብቻ ነች። እሑድ እሑድ ፊደል ያልቆጠረው ጓደኛው ሁሉ እየመጣ "ክንድዬ፣ እስቲ ለእናቴ አንዲት ወረቀት" ይለዋል፤ እሱም አንድም ሰላምታ ሳያስቀር ይጽፍለታል። የስንቱን ሰው ዘመድ በቃሉ ያውቅ ነበር።

ከሁሉ አብልጦ የሚወደው የይግዛውን ደብዳቤ ነው። ይግዛው የአምባራስ ሰው፣ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ፈረሱን ከራሱ የሚያስቀድም ነበር። ፈረሱ ከአባቱ የወረሰው ቦራ ነው፤ ዳማ ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት፤ የግራ ጆሮውን ጫፍ በውርንጭላነቱ ጅብ ቀምቶታል።

ይግዛው ሲያስጽፍ ስለ መግደልና ስለ መሞት አንድ ቃል አይተነፍስም። አንድ ቀን ከደባት በላይ ባለ መንደር፣ ለሽፍታ እህል ሰጥታችኋል የተባሉ ገበሬዎች ከገዛ በራቸው ላይ ተረሽነው፣ ሬሳቸውን በፈረስ እየጎተቱ ገደል እንዲከቱ ታዘዙ። ጎተቱ። የአንዱ ሽማግሌ ጭንቅላት ከድንጋይ ድንጋይ ሲላተም የሚያሰማውን ድምፅ ክንዴ እስከ ዛሬ ይሰማዋል። ሰፈር ሲመለሱ ይግዛው እጁን በአመድ አሽቶ ታጠበና "ጻፍ" አለው። "ቦራ ደህና ነው፤ ጠዋት ገብስ ማታ ጭድ ይበላል። እኔም ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ።" ክንዴም ጻፈ። ከዚያ የሰላምታው ዝርዝር ቀጠለ፤ ከዝርዝሩ ራስ ላይ ሁልጊዜ የታናሽ ወንድሙ የደምለው ስም ነበረ።

በስልሳ ዘጠኝ ደምለው ሸፈተ። የቀበሌው ሊቀ መንበር በሰው ፊት በጥፊ ቢመታው፣ የአባቱን ምንሽር ከማገር ላይ አውርዶ ደርግን እየወጋ ቆላውን ካጥለቀለቀው ከኢዲዩ ጦር ገባ። ወሬውን ለይግዛው ያመጣለት ሸሀቡ ነው፤ ከደባርቅ ጨውና አቡጀዲ በበቅሎ ጭኖ ወደ አምባራስ የሚወጣ ነጋዴ፣ የሰውን ደብዳቤ ከጨው ከረጢት ውስጥ ደብቆ የሚያመላልስ ደግ ሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይግዛው ሰላምታ ሲያስጽፍ የወንድሙን ስም ይዘላል። ክንዴ ገብቶት ዝም አለ።

ዝም ያላሉት እናቲቱ ናቸው። እማማ አረጋሽ በመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል እጅ አስጽፈው እንዲህ ሲሉ ላኩ፦ "ልጄ ይግዛው፣ በደብዳቤህ ደምለውን ዘለኸዋል። የጠባችሁት አንድ ጡት ነው። አንተ በወዲህ እሱ በወዲያ ሆናችሁ፤ እኔ መሐል ላይ ቀርቼ እንቅልፍ አጣሁ። ብትገናኙ እንደማትተኳኮሱ በምን ልወቅ? ያለበት ይሁን፣ ሰላምታህን አትንፈገው። ስሙን ጥራልኝ።"

ክንዴ ሲያነብለት ይግዛው የቦራን አንገት እያሻሸ ነበር። ንባቡ ሲያልቅም ማሻሸቱን አልተወም።

"ተወው" አለ በመጨረሻ። "ኬላ ላይ ስሙን ቢያገኙት አንገቴን ነው። እናት ይህን አታውቅም። በል ጻፍ፤ ቦራ ደህና ነው..."

ክንዴ እንደ ወትሮው ጻፈ። አጎት፣ አክስት፣ የንስሐ አባት፣ ጎረቤት፤ ሁሉም ተጠራ። የደምለው ቦታ ግን እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍቱን ቀረ። ክንዴ አላስችል አለው። እኚያ ሴትዮ ደብዳቤው ሲነበብ ጆሯቸውን አቁመው የሚጠብቁት አንድ ስም ብቻ ነው፤ ታዲያ አንድ ስም ማንን ይጎዳል? ከግርጌው ላይ አጠር አድርጎ ጨመረ፦ "ለወንድሜ ለደምለው፣ ባለበት ቦታ ሁሉ፣ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሰው።" መልሶ ለይግዛው ሲያነብለት ያችን መስመር ዘለላት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ያን ቀን ሞኙም ወረቀቱም አንድ ቦታ ተቀምጠው ነበር።

ደብዳቤዋ ከደባርቅ መውጫ ኬላ አላለፈችም። ጠባቂዎቹ ጨው እናገኛለን ብለው የሸሀቡን ከረጢት ሲዘረግፉ ወረቀት አገኙ። የሸሀቡን አፍ በሰደፍ አሉት፤ የፊት ጥርሶቹን ከጨዉ ጋር ምድር ላይ በትኖ "ወላሂ፣ እኔ ማንበብ አልችልም!" እያለ ሲጮኽ ወደ እስር ቤት ጎተቱት።

የፈረሰኛው አዛዥ መቶ አለቃ ቢራራ የሚባል ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ የሚያስገድል። ጦሩን በሙሉ አሰልፎ ደብዳቤዋን ራሱ አነበባት። ግርጌ ላይ ሲደርስ ዝግ አለ።

"ይህ ደምለው የተባለው ማነው?"

ይግዛው ቀና አለ። ስሙን ሲሰማ መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ ክንዴ መለሰ። ይግዛው ሁሉ ነገር በዚያች ቅጽበት ገብቶታል።

"ወንድሜ ነው" አለ።

"የት ነው ያለው?"

"ባለበት።"

መቶ አለቃው በአለንጋው እጀታ ፊቱ ላይ አቀመሰው። ቅንድቡ ተተርትሮ ደሙ ዓይኑ ውስጥ ገባ።

"ጸሐፊውስ ማነው?"

ክንዴ አፉን ከፈተ። እኔ ነኝ ሊል ነው፤ እሱ አያውቅም ሊል ነው። ይግዛው ቀደመው። "ቃሉ የኔ ነው። ጸሐፊ እጅ ነው፤ እጅ የታዘዘውን ይጽፋል።"

ክንዴም የከፈተውን አፍ መልሶ ዘጋው። ፈሪ አልነበረም፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ጥይት ሲያፏጭ ወደፊት የሄደ ሰው ነው። በዚያች ቀን ግን ፈራ። ይህን ለማሳመር የሚሆን ቃል የለም።

ይግዛውን እግሩን ገልብጠው እስኪደክማቸው ገረፉት። መቶ አለቃው ሞት አልፈረደበትም፤ የባሰ ነገር ነው ያሰበለት። ሽፍቶቹ ከደባት ወዲያ አንድ ተረተር ይዘዋል፤ በማግስቱ ፈረሰኛው ሊወጣባቸው ነው። "ወንድምህን ከናፈቅኸው ሄደህ ሳመው" አለው። "ነገ ከሁሉ ፊት ትጋልባለህ። ጠመንጃህን እዚህ ትተዋለህ።"

ጎሕ ሲቀድ ክንዴ ቦራን ጫነለት። ይግዛው በተላጠ እግሩ እርካቡን መርገጥ ስላልቻለ ተሸክሞ አወጣው። ነጭ ጋቢውን ተከናንቦ፣ በእጁ ጅራፍ ብቻ ይዞ ተቀመጠ። ክንዴ ጉልበቱን ይዞ አለቀሰ።

"እኔ ነኝ የገደልኩህ" አለው።

"ዝም በል። ሰላምታ ነው የጻፍከው፤ ስድብ አልጻፍክም።" ይግዛው ልጓሙን ጠበቅ አደረገ። "አንድ ነገር ብቻ። መርዶዬን በወረቀት እንዳትልክ። መርዶ በወረቀት አይነገርም። እግርህ ሲፈታ ሄደህ በአፍህ ንገራት፤ ሁሉንም፣ እንዳለ።"

"እነግራታለሁ። መድኃኔ ዓለምን!"

ጉሙ ሳይገለጥ ጥሩንባ ተነፋ። ይግዛው ፈረሱን ኮርኩሮ ብቻውን ቀደመ፤ ሌላው ፈረሰኛ ኋላ ኋላ ተከተለ። ከተረተሩ ላይ ተኩስ እንደ ገብስ ቆሎ ተንጣጣ። ከክንዴ ግራ የነበረው ልጅ መንጋጋውን አጥቶ ጩኸቱን ሳይጨርስ ተገለበጠ። አንድ ፈረስ አንጀቱን እየረገጠ ሮጠ፤ ጋላቢውም አላወቀም፤ አብረው እስኪወድቁ ድረስ ይጋልብ ነበር። በዚህ ሁሉ መሐል ክንዴ ዓይኑን ከነጩ ጋቢ ላይ አልነቀለም። ጋቢው ከአፋፉ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ቀጥ አለ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተዘርግቶ ወደቀ። ቦራ ግን አልዞረም። ኮርቻውን ባዶ ይዞ ሽቅብ ወደ ጠላት ምሽግ ገብቶ ከጉሙ ውስጥ ጠፋ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ ቦራም አድርሶ ሄደ።

ተረተሩ ላይ ሲወጡ ክንዴ ሰው አልነበረም። ከድንጋይ ኋላ የተደበቀ ቁስለኛ ሽፍታ እጁን ዘርግቶ "ውሃ፣ ስለ ማርያም!" ሲለው በሳንጃ ደረቱን ወጋው፤ ሳንጃው ከአጥንት ተይዞ እንቢ ሲለው ሆዱን ረግጦ ነቀለው። ሰውየው አሁንም ውሃ ይል ነበር። ሁለተኛ ወጋው። ከዚያ ተመልሶ ይግዛውን ፈለገ። ጥይቷ በጉሮሮው ገብታ በማጅራቱ ወጥታለች፤ ጅራፉን እንደ ጨበጠ ነው። ለከዳተኛ ፍትሐት የለም ስለ ተባለ፣ ክንዴ እራሱ ጉድጓዱን እየቆፈረ የሚያውቀውን ያህል በሹክሹክታ አነበበለት። ጅራፉን ግን ከእጁ ፈልቅቆ ወሰደ።

ክረምቱ ገባ፤ ፈቃድ የሚባል ነገር ጠፋ። ሸሀቡ ከእስር ወጥቶ በባዶ ድድ ንግዱን ቀጠለ። በሐምሌ ጭቃ እንደ ተለወሰ መጥቶ የእማማ አረጋሽን ደብዳቤ ለክንዴ ሰጠው። አጭር ነች። "ልጄ፣ ድምፅህ ጠፋ። ቦራስ ደህና ነው ወይ? ገብስ ይበላል?"

"ምን ልበላቸው?" አለ ሸሀቡ። "እኔ መርዶ ነጋሪ መሆን አልችልም። ዘመድ አይደለሁ፣ ሽማግሌ አልያዝኩ።"

ክንዴም እንደዚያው ነው። ቃል ገብቷል፤ በወረቀት አይነገርም። ዝም ካለ ደግሞ ዝምታው ራሱ መርዶ ነው። ወረቀት አውጥቶ በይግዛው ስም ጻፈ፦ "እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ቦራ ደህና ነው፤ ጠዋት ገብስ ማታ ጭድ ይበላል።" ሰላምታውን ዘረዘረ። ደምለውን አልጠራም፤ እጁ እንቢ አለው።

መልስ መጣ፤ አሁንም ስለ ቦራ ነው። ጀርባው አልተላጠም ወይ? ሰኮናውስ? ክንዴ አልተላጠም ብሎ ጻፈ፣ ሰኮናው ደህና ነው ብሎ ጻፈ። ሴትዮዋ ስለ ልጃቸው አንድ ጊዜ ሲጠይቁ ስለ ፈረሱ ሁለት ጊዜ ይጠይቃሉ፤ ክንዴም የገበሬ ነገር፣ ከብት ይወዳሉ አለ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚሉት ለሌላ ሰው ነው። ክንዴ ላይ በየደብዳቤው ይከብድ ነበር። መንገድ ላይ ሬሳ ማየት የለመደው ሰው፣ ብዕር ማንሣት ይፈራ ጀመር።

መስከረም ጠባ፤ ኢዲዩ ተሰብሮ ተበተነ፤ በኅዳር ለክንዴ ፈቃድ ተሰጠው። የይግዛውን ጅራፍ በወገቡ ታጥቆ ወደ ጨነቅ በሚወስደው መንገድ ሽቅብ ወደ አምባራስ ወጣ። በየጅባራው ዛፍ ሥር እየቆመ የሚናገረውን ይለማመዳል። ሐሳቡ እንደ ደንቡ መጀመሪያ መሪጌታ ዘንድ ሄዶ፣ ሽማግሌ አሰብስቦ፣ በማግስቱ ጠዋት ማርዳት ነበር። ግን መንገዱ በአውድማ በኩል ያሳልፋል፤ ከአውድማው ላይ አንዲት ቀጭን አሮጊት ገብስ ያነፍሳሉ።

"ከወዴት ነህ ልጄ?"

"ከደባርቅ ነኝ፣ እማማ። የይግዛው ጓደኛ ነኝ።"

ሴትዮዋ ሰፌዱን አስቀመጡ። ዓይናቸው ወገቡ ላይ ካለው ጅራፍ አረፈ።

"ጸሐፊው ነሃ?"

"አዎን።"

"እንግዲያው ግባ።"

አንገቱን ደፍቶ በሩን አለፈ። ከጋጣው በኩል ፈረስ አናፋ። ክንዴ ዞር ሲል ነጭ ግንባር አየ፤ ከዚያ ጫፉ የተቆረጠ የግራ ጆሮ። ቦራ አውቆት አፍንጫውን ዘረጋለት። ክንዴ ምሰሶውን ያዘ።

"ቦራ ደህና ነው" አሉ እማማ አረጋሽ። "ጠዋት ገብስ ማታ ጭድ ይበላል። ብለኸኝ የለም እንዴ? በየደብዳቤው የጠየቅሁህ አንድ ቀን እውነቱ ያመልጥህ እንደሆን ብዬ ነው።"

"ያውቁ ነበር?" አለ ክንዴ። "ታዲያ ለቅሶው? ስለምን..."

"መርዶ ሳይነገረኝ ምን ብዬ ላልቅስ? ባለቅስስ፣ ማን ገደለብሽ ሲሉኝ ምን ልመልስ?"

ይህን ሲሉ ከጓዳው አንድ ሰው ወጣ። ጠጉሩ ጎፍሯል፣ ጉንጩ ጎድጉዷል፣ በእጁ ምንሽር ይዟል። ከሳ እንጂ ይግዛውን ነው። ደምለው ነበር።

"ፈረሱን ያመጣሁት እኔ ነኝ" አለ። ድምፁ የሻከረ ነው፤ ለብዙ ጊዜ ያልተናገረ ሰው ይመስላል። "ጉም ነበር። አንድ ሰው ብቻውን ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል። ጠመንጃ የለውም፣ ጅራፍ ብቻ። አለቃቸው ነው ተባለ። ትልቅ ሰው ጠመንጃውን አሽከር ይይዝለት የለም? 'እሱን ጣሉት፣ ሌላው ይበተናል' አሉ። ዓይንህ ደህና ነው ብለው ለኔ ሰጡኝ። መታሁት። ወደቀ። ፈረሱ ግን አልሸሸም፤ ወደኔ መጣ። ጆሮውን ሳይ..."

እናቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"ክረምቱን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቅሁት" አለ ደምለው። "ይግዛው ጠመንጃውን ለማን ሰጠ? እሱ እኮ ከነጠመንጃው ነበር የሚተኛ። ለምን ባዶ እጁን መጣ?"

ክንዴ አላውቅም ቢል ማንም አያውቅበትም። መቶ አለቃው ሩቅ ነው፤ ይግዛው አፈር ነው። አንድ ጊዜ አፉን ዘግቶ ያመለጠ ሰው ነው፤ ሁለተኛም ይችላል። ግን ቦራ አጠገቡ ይተነፍሳል፤ መድኃኔ ዓለምን ብሎ ምሏል።

"በኔ ነው" አለ። "ላንተ ሰላምታ ጻፍኩ። እሱ ተው ብሎኝ ነበር፤ ደብቄ ጻፍኩ። ኬላ ላይ ተያዘ። ማን ጻፈው ሲባል ራሱ ወሰደልኝ፤ እኔም ዝም አልኩ። በዚያ ምክንያት ነው ያለ ጠመንጃ የሰደዱት። ያንተን ስም የጻፍኩ እኔ ነኝ።"

ደምለው በሰደፉ አፉን መታው። ክንዴ ከምሰሶው ተላትሞ ወደቀ፤ ደምና ጥርስ ተፋ። ሁለተኛውን ጎኑ ላይ አሳረፈበት፤ አንድ ነገር ከውስጥ ሲሰበር ተሰማ። ቦራ እየጮኸ ገመዱን ጎተተ። ደምለው ጥይት አጉርሶ አፈሙዙን ከክንዴ ግንባር ላይ ተከለው። ክንዴ እጁን አላነሣም፤ እንዲያውም ቀለለው።

"ደምለው" አሉ እናቱ። አልጮኹም። "ጸሐፊውን ከገደልክ ያስጻፈችውም እዚህ ቆማለች።"

"ዞር በይ፣ እማ!"

"ስሙን ጥራልኝ ብዬ የላክሁ እኔ ነኝ። መሪጌታ ጻፉልኝ፣ ሸሀቡ ወሰደልኝ። እንዳትተኳኮሱ ብዬ ነበር።" ድምፃቸው እዚህ ላይ ተሰበረ። "እንዳትተኳኮሱ!"

ክንዴ ደሙን ዋጠ፤ ቀና ብሎ አያቸው።

"አልደረሰንም፣ እማማ" አለ። "ያ ደብዳቤ አልደረሰንም። በራሴ ነው የጻፍኩት።"

እማማ አረጋሽ ቁልቁል ብዙ አዩት። ከዚያ መቀነታቸውን ፈተው ከአጠገቡ ተቀመጡና አፉን ይጠርጉለት ጀመር።

"ስለ ቦራም እንዲሁ ነበር የምትዋሸኝ" አሉት።

ደምለው ጠመንጃውን ጥሎ ጋጣው ውስጥ ተደፋ፤ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በማግስቱ መሪጌታና ሽማግሌዎቹ መጥተው መርዶውን እንደ ደንቡ ነገሩ። ሬሳ ስለሌለ ፈረሱ ወጣ። ቦራ የይግዛው ደም ያልታጠበለት ኮርቻ ተጭኖበት፣ ከጠመንጃ ፋንታ ጅራፉ ተንጠልጥሎበት፣ በቀኝ ደምለው በግራ ክንዴ ይዘውት ለቀስተኛውን ዞረ። ክንዴ ካኪውን አውልቆ የይግዛውን አሮጌ ጋቢ ለብሷል፤ ፊቱ አብጦ ዓይኑ አይታይም። የይግዛው አጎት ከመሐል ዘሎ ጠመንጃውን ወደ ሰማይ ተኮሰና "የወንድሜ ልጅ ደም የት ነው? ገዳዩን ንገሪን!" ብሎ ፎከረ። ወጣቱ ሁሉ ተከትሎት አጓራ።

እማማ አረጋሽ ተነሡ። ደረታቸውን ሁለት ጊዜ መትተው እንዲህ አሉ፦

ገዳዩን እንፈልግ አትበሉ ዘመዶች፣
ፈረሱን የያዙት ናቸው የኔ ልጆች።

አጎትየው ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። ሴቶቹ ግጥሙን ተቀብለው እየደጋገሙ አለቀሱ። ሁለቱ ሰዎች ልጓሙን ይዘው፣ ቀና ብለው ማንንም ሳያዩ ፈረሱን አንድ ጊዜ ደግመው አዞሩት።